የ12 ዓመት ልጃችንን የላክሮስ ክለብ ተቀበላት፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል?

የማህሌት እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ነው። በካውንቲው ሬክ ሊግ (ለመዝናናት በሚጫወቱበት) ላክሮስ፣ ጫፉ መረብ ባለው ስቲክ ኳስ የሚቀለብበትንና የሚወረወርበትን ጨዋታ፣ ከጀመረች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት የምትነሳው ለዚህ ብቻ ነው። ኮቿ «እጇ ጥሩ ነው፣ ክለብ አስሞክሯት» አለችን። ወሰድናት፣ አለፈች። ቤቱ በደስታ ተናወጠ።

ከዚያ ውሉ መጣ። የዓመት ክፍያ 2,900 ዶላር። ዩኒፎርምና ቦርሳ ለብቻው ነው። ሰመር ላይ ቶርናመንቶች አሉ፤ ዴላዌር፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬንያ። ሆቴሉን የምንይዘው እነሱ ከመረጡት ዝርዝር ውስጥ ነው። ልምምድ በሳምንት ሁለት ማታ። ማስያዣውን እስከ አርብ ክፈሉ ብለውናል፤ አይመለስም።

ባለቤቴ ማታ ይሠራል፣ እኔ ቀን እሠራለሁ። ከማህሌት በታች ሁለት ልጆች አሉን። እሱ «ስኮላርሺፕ ታገኝበታለች፣ እንደ ቁጠባ ቁጠሪው» ይላል። የኔ ልብ ግን አላመነበትም። ልጄን መከልከልም አንጀቴ አይችልም። በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች እስቲ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ዳዊት (ኤሊኮት ሲቲ)

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ትልቋ ልጄ በክለብ አልፋለች፣ ትንሿ አሁን እየተጫወተች ነው። ባለቤትሽ ስላነሳው ስኮላርሺፕ የማውቀውን ልንገርሽ። እኛም ቤት መጀመሪያ የተነሳው እሱ ነበር።

በላክሮስ ሙሉ ስኮላርሺፕ ከስንት አንድ ነው። እስከ 2025 ድረስ የኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) ሕግ አንድ የዲቪዥን 1፣ የከፍተኛው ደረጃ፣ የሴቶች ቡድን ከ12 ሙሉ ስኮላርሺፕ በላይ እንዳይሰጥ ያግድ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ግን ከ30 በላይ ልጆች ይኖራሉ። ስለዚህ ኮቿ አሥራ ሁለቱን ትሸነሽናቸዋለች። ለአንዷ ግማሽ፣ ለሌላዋ ሩብ፣ ለአንዳንዷ የመጽሐፍ መግዣ፣ ለአንዳንዷ ምንም። ከ2025 የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ ስምምነቱ ውስጥ በገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ያ ጣሪያ ተነስቷል። በቦታው የተጫዋች ቁጥር ገደብ መጥቷል፤ ለሴቶች ላክሮስ 38 ነው። ጣሪያው ተነሳ ማለት ግን ገንዘቡ መጣ ማለት አይደለም። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ባስኬትቦል ነው።

ዝቅተኛው ደረጃ፣ ዲቪዥን 3፣ ደግሞ በስፖርት ስም አንድ ሳንቲም አይሰጥም። አይቪ ሊግም እንደዚያው ነው። ሃርቫርድም ፕሪንስተንም የሚረዱት የቤተሰብ ገቢ አይተው ነው። እንደኛ ላለ ቤተሰብ እንዲያውም ይህኛው እርዳታ ሊበልጥ ይችላል። እሱን የሚያመጣው ደግሞ የክፍል ውጤት ነው።

ትልቋ ልጄ እስከ 12ኛ ክፍል ተጫውታ አቆመች። ዛሬ ኮሌጅ የምትማረው በውጤቷ ባገኘችው እርዳታ ነው። ለክለቡ ያወጣሁት አይቆጨኝም፤ ልጅቷን ሰው ፊት ቀና ብላ እንድትቆም አድርጓታል። ስኮላርሺፕ ብዬ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ይቆጨኝ ነበር። ባለቤትሽን ይህን ብቻ አስረጂው። እንደ ቁጠባ አይቁጠረው።

የናትናኤል አባት

እኔ ፊት ለፊት ልናገር። ባትገቡበት ይሻላል።

ሂሳቡን እንሥራው። 2,900 አልሽ። ሆቴል፣ ቤንዚን፣ ምግብ፣ ጫማ፣ ስቲክ ሲጨመር 5,000 ይሆናል፤ ያውም በቁጥብ አያያዝ። እስከ 12ኛ ክፍል ስድስት ዓመት ነው። 30,000 ዶላር ማለት ነው። ይህን ገንዘብ በሜሪላንድ 529 የትምህርት ቁጠባ ብታስገቡት ትርፉ ለትምህርት እስከወጣ ድረስ ታክስ የለበትም። የስቴት ታክስ ስትሠሩ ደግሞ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይቀነስላችኋል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። የክለቡ ግን ተስፋ ነው።

ደግሞ ላክሮስ የማን ጨዋታ እንደሆነ እናውቃለን። የሀብታም ነጮች ነው። ሴቷ ልጄ ለትምህርት ቤቷ አገር አቋራጭና ትራክ ትሮጣለች። የሚያስፈልጋት ጫማ ብቻ ነው። ትራይአውት (የመምረጫ ፈተና) የለ፣ ሆቴል የለ። ኮሌጆች በሩጫም ይወስዳሉ። ለሐበሻ ልጅ ከሩጫ የሚቀርብ ምን አለ?

ሙና (አሌክሳንድሪያ)

የናትናኤል አባት፣ የገንዘቡን ነገር እቀበላለሁ። «የማን ጨዋታ ነው» ያሉትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ላክሮስ መነሻው የዚህች አገር ቀደምት ሕዝቦች ናቸው። የሃውደኖሾኒ ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ይጫወቱት ነበር። ዛሬም በራሳቸው ብሔራዊ ቡድን በዓለም ዋንጫ ይሰለፋሉ። እዚሁ ዲሲ ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ላክሮስ ቡድን አለው፣ ያውም ዲቪዥን 1። ልጄን አንድ ጊዜ ጨዋታቸውን ለማየት ወስጃት ነበር። ጥቁር ሴቶች ስቲክ ይዘው ሲሮጡ አየች። ከዚያ ቀን በኋላ «እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ» ብላኝ አታውቅም።

የኔ ልጅ ሂጃብ ታደርጋለች። የዓይን መከላከያ ጎግሉን ማሰሪያ ከሂጃቡ በላይ ታጠብቀዋለች፣ ከሥሩ ስፖርት የሚችል ስስ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዳኛዋ ጠርታ አየቻት፣ ነካ አደረገችው፣ «ጥሩ ነው፣ ግቢ» አለቻት። በቃ። በረመዳን ወር ኮቿ ልምምዱን ታቀልላታለች፤ እኔ አስቀድሜ ስለምነግራት ነው። ብቸኛዋ መሆን ይከብዳል፣ አልዋሽም። በመጀመሪያው ዓመት ሆቴል ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ለእራት ሲወጡ እሷን የጠራት አልነበረም። እኔ ሄጄ እናቶቹን ተዋወቅሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሳምቡሳ ጠብሼ ወሰድሁ። አሁን ስልኳ አያርፍም።

ሐበሻ ሁሉ ሯጭ ነው የሚለውንም ለልጆቻችን አንጫንባቸው። ማህሌት ኳስ የምትወድ ከሆነ ኳስ ትጫወት።

ሳሮን (የኮሌጅ ተማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ ግን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ክለብ ተጫውቻለሁ። አሁን በዲቪዥን 3 ኮሌጅ ተከላካይ ነኝ። ጋሽ ዳዊት እንዳሉት በስፖርት የምከፈለው ምንም የለም። የገባሁበት ኮሌጅ ግን ያለ ላክሮስ ስሙንም አልሰማም ነበር። ኮቿ ያየችኝ በሰመር ቶርናመንት ላይ ነው። ማመልከቻዬን እንድልክ ነገረችኝ፣ ከዚያ ውጤቴና የቤተሰቤ ገቢ ቀሪውን ሠራ።

ለማህሌት እናት ከልጅ ወገን የሚታየውን ልንገርዎ።

ልጅቷን ጎበዝ የሚያደርጋት ክለቡ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ነው። እኔ ከአፓርትመንታችን ጀርባ የጡብ ግድግዳ ነበረኝ። ኳሱን መወርወር፣ ሲመለስ መቅለብ። በቀኝ እጅ ሃምሳ፣ በግራ እጅ ሃምሳ፣ ከዚያ እጅ እያቀያየሩ። ኳሱ ጠንካራ ጎማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ህንጻው ሁሉ ይሰማዋል። ታች ያሉት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው «እራት ሰዓት ላይ ተዪን» ይሉኝ ነበር። የሴቶች ስቲክ ኪሱ ጥልቀት የለውም፣ ስለዚህ ኳሱን ይዞ መሮጥ ከወንዶቹ ይከብዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ልምምድ ያንን አይሰጥም። ማህሌት ሳትነገር ወጥታ ግድግዳ የምትመታ ከሆነ ክለቡ ይጠቅማታል። ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል።

ሌላው የመኪናው ነገር ነው። ከዴላዌር በ95 አውራ ጎዳና ስንመለስ አባቴ የሳትኳትን ኳስ እስከ ባልቲሞር ድረስ ይተነትናት ነበር። ከፍሎ፣ እንቅልፉን አጥቶ፣ ነድቶ ነው የመጣው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ለማቆም ተቃርቤ ነበር። ያዳነችኝ እናቴ ናት። «መኪና ውስጥ ስለ ጨዋታው እሷ ካላነሳች ማንም አያንሳ» ብላ ሕግ አወጣች። ብዙ ገንዘብ ሲወጣ ልጅ ያንን ገንዘብ ትከሻዋ ላይ ይሰማታል። እባካችሁ ዋጋውን ልጅቷ ፊት አትጥሩት።

ጽጌ (ፊዚዮቴራፒስት)

ስለ ገንዘቡ ሌሎች ብለዋል። እኔ በየቀኑ የማየው ጉልበት ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ።

ሴት ልጆች በዚህ ዕድሜና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማታቸው፣ ኤሲኤል የምንለው፣ ከወንዶች ይበልጥ ይበጠሳል። ላክሮስ ደግሞ ድንገት መቆምና መታጠፍ የበዛበት ጨዋታ ነው። ከተበጠሰ ኦፕሬሽን አለ፣ ከዚያ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ማገገም። ይህን ስል ላስፈራሽ አይደለም። በደንብ የተዘጋጀ ማሟሟቂያ፣ አዘላለልና አወራረድ የሚያስተምረው ዓይነት፣ ጉዳቱን በእርግጥ ይቀንሳል። 15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ክለቡን «ከልምምድ በፊት ምን ታሠራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። «ሁለት ዙር ይሮጣሉ» ካሉሽ አልተዘጋጁም።

የሴቶች ላክሮስ በአካል መጋጨትን ስለሚከለክል እንደ ወንዶቹ ራስ ቁርና ትከሻ መከላከያ የለም። ግዴታው የዓይን ጎግልና የአፍ መከላከያ ነው። በረኛዋ ብቻ ናት ሙሉ ልብስ የምትለብሰው። ስለዚህ የጭንቅላት ምት ብዙውን ጊዜ ከስቲክና ከኳስ ይመጣል። ልጅሽ ተመትታ ራሷን ካመማት ወይም ካዞራት ያን ቀን ወደ ሜዳ አትመለስም። ድርድር የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ስፖርት ብቻ መጫወቱ ያሳስበኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር ልጆች አንድ ስፖርት ብቻ መምረጡን ቢያንስ እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ያቆዩት ይላል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት፣ በዓመት ደግሞ በጠቅላላው ሦስት ወር ከዚያ ስፖርት መራቅ። ሦስቱ ወር መከታተል የለበትም፣ አንድ አንድ ወር እየተደረገ ይሆናል። የክለቡን የዓመት ካላንደር ተቀበዪና ባዶዎቹን ወሮች ቁጠሪ። ስፕሪንግ ሬክ፣ ሰመር ቶርናመንት፣ ፎል ሊግ፣ ዊንተር ላይ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ዕረፍቱ የት አለ?

የናትናኤል አባት፣ የልጅዎ ሩጫ ለማህሌትም ጥሩ ነው። ፎል ላይ ሩጫ፣ ስፕሪንግ ላይ ላክሮስ። ሁለቱ አይጣሉም።

የማህሌት እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሳሮንን መልስ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም አለ። ስለ መኪናው ያለችው ነካው መሰለኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ቶርናመንቶቹ ቅዳሜና እሁድ ናቸው። ማህሌት ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ትምህርት አላት፣ እሁድ ደግሞ ቅዳሴ። ስፕሪንግ ላይ የሚሆነው ጨዋታ ከሰሞነ ሕማማትና ከፋሲካ ጋር ይጋጫል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ? ሁለተኛ፣ ክለቡ «የኮሌጅ ኮቾች ያይዋታል» እያለ ነው። በ12 ዓመቷ?

ብሩክ (የክለብ ረዳት ኮች)

ለሁለተኛው ልመልስ። ከውስጥ ሆኜ ስለማየው ነው።

በ12 ዓመቷ ማንም አያያትም። ከ2017 ጀምሮ በኤንሲኤኤ ሕግ መሠረት የዲቪዥን 1 ላክሮስ ኮች ከልጅቷም ሆነ ከቤተሰቧ ጋር ስለ ምልመላ መነጋገር የምትችለው 11ኛ ክፍል በምትጀምርበት ዓመት ከሴፕቴምበር 1 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስልክ የለም፣ ኢሜይል የለም፣ በክለቡ ኮች በኩል መልእክት መላክም የለም። ሕጉ የመጣው ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ልጆች ለኮሌጅ ቃል መግባት ስለጀመሩ ነው። የላክሮስ ኮቾች ራሳቸው ናቸው ይቁም ያሉት። ስለዚህ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ኮሌጅ እያለ የሚሸጥልሽ ክለብ ካለ ልብ በይ።

ከመክፈልሽ በፊት የምትጠይቂውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የየትኛው ቡድን ናት? ትልልቅ ክለቦች በአንድ የምረቃ ዓመት (ሃይስኩል በአንድ ዓመት ለሚጨርሱ ልጆች) ሁለትና ሦስት ቡድን አላቸው። ክፍያው አንድ ነው። ዋናዋ ኮች፣ ጥሩው ሜዳ፣ ትልቁ ቶርናመንት ግን ለመጀመሪያው ቡድን ነው። የሦስተኛው ቡድን ወላጆች የመጀመሪያውን ቡድን ነው የሚደጉሙት። ይህን ስናገር ባልደረቦቼ ደስ አይላቸውም፣ ግን እውነት ነው። የልጅሽን ኮች ማንነት በስም ጠይቂ። ኮሌጅ የተጫወተች ናት ወይስ ለሰመር ሥራ የመጣች የሃይስኩል ልጅ?

ከዚያ ውሉን አንብቢ። ብዙዎቹ ላይ ልጅቷ ብትጎዳም ቀሪው ክፍያ አይቀርም የሚል መስመር አለ። የመጫወቻ ደቂቃ ዋስትና የለም የሚልም አለ። እርዳታ ካላቸውም ጠይቂ። አብዛኞቹ ለጥቂት ልጆች ክፍያ ይቀንሳሉ፤ ድረ ገጻቸው ላይ ግን አይጽፉትም። የኛ ሰው መጠየቅ ያፍራል። እንደ ልመና አትዩት፤ ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። በወር ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል።

ዳዊት (ኤሊኮት ሲቲ)

ብሩክ፣ ስለ ሁለተኛ ቡድን ያልከው ሁልጊዜ አይሠራም። ትንሿ ልጄ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ናት፤ ጨዋታውን ሙሉ ትጫወታለች። ጓደኛዋ መጀመሪያው ውስጥ ገብታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የምትውለው። የ12 ዓመት ልጅ የምታድገው እየተጫወተች ነው። የቡድኑን ስም ሳይሆን ኮቿንና የሜዳ ደቂቃውን ነው ማየት።

ስለምንኖርበት ቦታም አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሴቶች ላክሮስ ቡድን የተቋቋመው ባልቲሞር ነው፣ በ1926፣ በብሪን ማር የሴቶች ትምህርት ቤት። ከ2004 ጀምሮ ላክሮስ በሕግ የሜሪላንድ የቡድን ስፖርት ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች 14 ጊዜ የኤንሲኤኤ ዋንጫ አንስተዋል። ይህ ለማህሌት ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ፣ ፉክክሩ እዚህ ከሌላው ስቴት ይከብዳል፤ የሃይስኩል ቡድን ለመግባት እንኳ ክለብ ከተጫወቱ ልጆች ጋር ነው የምትፎካከረው። ሌላው፣ ጥሩ ጨዋታ ለማየት 30 ደቂቃ መንዳት ይበቃል። ልጄን ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ኮሌጅ ፓርክ እየወሰድሁ አሳያት ነበር። ከአንድ ወር ልምምድ ይልቅ እሱ ያስተማራት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሳሮን (የኮሌጅ ተማሪ)

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፦ እናቴ በዓመቱ መጀመሪያ የማልመጣባቸውን ቀናት ጽፋ ለኮቿ ትሰጥ ነበር። ስቅለት፣ ፋሲካ፣ አንድ የቤተሰብ ሠርግ። በአማርኛው ካላንደር ፋሲካ ከነሱ ኢስተር ብዙ ጊዜ ስለሚለይ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። ማንም አልተቆጣም። በሰመር ያሉትን እሁዶች ግን በእውነት አጥተናቸዋል። ቅዳሴ ያመለጠኝ ብዙ ነው፤ ሠርግም፣ ክርስትናም አምልጦኛል። አሁን ሳስበው ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው። ቤተሰባችሁ በዚህ በኩል ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ማህሌትም ባለችበት።

የናትናኤል አባት

ሙና ያለችው ገብቶኛል፤ የሃውደኖሾኒን ነገር አላውቅም ነበር። ስለ ገንዘቡ ግን አቋሜ ያው ነው። ለአንድ ልጅ 5,000 ዶላር በየዓመቱ ሲወጣ ታናናሾቹም ያያሉ። ነገ ሁለተኛዋ ጂምናስቲክ ብትል፣ ሦስተኛው እግር ኳስ ቢል ምን ይባላሉ? የማህሌት እናት ሦስት ልጅ ነው ያላት። የሁሉንም አንድ ላይ ማሰብ አለባት። ለእሷ የሚወጣው ለሌሎቹም መውጣት መቻል አለበት ባይ ነኝ።

የማህሌት እናት

ይህ የናትናኤል አባት ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ትክክል ነው።

ዛሬ ክለቡ ጋ ደወልሁ። ብሩክ እንዳለው በስም ጠየቅሁ። ኮቿ ኮሌጅ የተጫወተች ናት። ቡድኑ ሁለተኛው ነው። በረዶው ሲመጣ ለሁለት ወር ሙሉ ያርፋሉ፣ ኦገስት ላይም አንድ ወር። ማሟሟቂያውን ስጠይቅ ስልኩን ያነሳችው ልጅ በደንብ አስረዳችኝ፣ የጉልበቱን ነገር ሳልጠቅስላት ራሷ አነሳችው። እርዳታ ስል ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ ፎርም ላከችልኝ። ከጸደቀ ግማሹ ይቀነሳል። የማስያዣውንም ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ አራዘሙልን።

ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው እርዳታው ከመጣ አንድ ዓመት እንድትሞክር ነው። ካልመጣ ስፕሪንግ ላይ ሬክ ትቀጥላለች፣ ፎል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ትሮጣለች። ለማህሌት ሁለቱንም ነግረናታል፤ ስለ ብሩ ምንም አላልናትም። «ሬክም ቢሆን ያው ግድግዳ አለኝ» አለችኝ። የሳሮንን ጽሑፍ ለካ አንብባዋለች።

የቀረኝ የመኪናው ጉዳይ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እኔ ከሥራ አልደርስም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከዊተን በኩል ልምምዱ ወዳለበት ወደ ሮክቪል ልጅ የምታደርሱ አላችሁ?

ጽጌ (ፊዚዮቴራፒስት)

እኔ ዊተን ነኝ። ሐሙስ ሮክቪል ክሊኒክ እሠራለሁ፣ ስሄድ ላደርሳት እችላለሁ። መመለሻውን ሌላ ሰው ይያዝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ብሩክ (የክለብ ረዳት ኮች)

ማክሰኞን ከቡድኑ ወላጆች ጠይቂ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የመኪና ዝርዝር ይዞራል፣ ስምሽን ቶሎ አስገቢ። ደግሞ አዲስ ስቲክ አሁን አትግዙ። በየዓመቱ ያደጉ ልጆች የሚሸጡት ያገለገለ ይገኛል፤ ጎግሉን ብቻ አዲስ አድርጉት፣ መስፈርቱን ያለፈ መሆኑን ላዩ ላይ ተጽፎ ታያላችሁ።